በወረቀት ላይ የማትወጣው መስመር

ስሜ ማህፉዛ ይባላል። ስሜን የማስቀድመው ወግ ለማሳመር አይደለም። ኡስታድ ካፊሉዲን በተቀበሩበት ቀን አሥራ አንድ ሺህ ሰው ስልኩ ላይ መጀመሪያ ያየው ይህንኑ ስም ስለሆነ ነው። ስሜ፣ ከስሜ ቀጥሎ የሳቸው መርዶ፣ ከመርዶው አጠገብ ደግሞ አንዲት መስመር። ያቺን መስመር ባሰብኩ ቁጥር ዛሬም ደሜ ይፈላል።

ሥራዬ ደብዳቤ መጻፍ ነበር። ዳካ ከተማ፣ ሞግባዛር ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለ የሳሪ ቤት፤ ሳሪ የአገራችን ሴቶች ገላቸው ላይ የሚጠመጥሙት ረጅም ጨርቅ ነው። ቤቱ ጃምዳኒ የሚባለውን ስስ የእጅ ሽመና ከሩፕጎንጅ ሸማኔዎች እየተቀበለ በኢንተርኔት ይሸጣል። በየሳምንቱ ለደንበኞች ኢሜይል የምልከው እኔ ነኝ፤ ላኪውም "ማህፉዛ ከሳሪ ቤት" እየተባለ ነው የሚደርሳቸው። ሰው ከድርጅት የመጣን ደብዳቤ ይጥላል፣ ከሰው የመጣን ይከፍታል ብዬ ስሜን ያበደርኳቸው እኔው ነኝ። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል አይደል የሚባለው፤ ደጃፌን ከፍቼ የጠበቅሁም እኔው ነኝ።

አሁን ስለዚያች መስመር ልናገር። ኢሜይል ገና ሳይከፈት ዝርዝሩ ላይ ሦስት ነገር ይታያል፤ የላኪው ስም፣ ርእሱ፣ ከርእሱ አጠገብ ፈዘዝ ብላ የተጻፈች አንዲት መስመር። ብዙ ሰው ያቺ መስመር የደብዳቤው የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ትመስለዋለች። እኛ ግን ለብቻዋ ነው የምንጽፋት። ከደብዳቤው አናት ላይ እናስቀምጥና ፊደሎቿን ከሰናፍጭ ፍሬ አሳንሰን፣ ቀለሟን እንደ ገጹ ነጭ እናደርጋለን። ደብዳቤው ሲከፈት የለችም። ዝርዝሩ ላይ ግን ቁጭ ብላ ሰው ትጠራለች። በኛ ቢሮ "ቅምሻ" ነበር የምንላት። ለቢሮው ያመጣኋትም እኔ ነኝ፤ የሚከፍተው ሰው በሷ ምክንያት በአንድ ዓመት ውስጥ እጥፍ ሆኗል።

የቤቱ ባለቤት ሞታሌብ ሺክዳር ነው። ፊት ለፊት ሳሄብ፣ ጌታዬ ማለቴ ነው፣ አንቱም እለዋለሁ፣ እዚህ ግን አልለውም። አርባ ዓመት ጨርቅ ሲሸጥ የኖረ ሰው ነው፤ ከስክሪን ላይ ማንበብ እንደ ስንፍና ይቆጥረዋል። ማናቸውም ደብዳቤ ከመላኩ በፊት ጸሐፊው አትሞ ያቀርብለታል፣ እሱም መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ ያነብና በአረንጓዴ እስክሪብቶ ይፈርምበታል። አረንጓዴ ያልነካው አይላክም። ታዲያ ቅምሻ ወረቀት ላይ አትወጣም። "ሳሄብ፣ ሰው የሚያየውን ሁሉ እርስዎ እያዩት አይደለም" ብዬ አንድ ሁለቴ ነግሬዋለሁ። "ልጄ፣ ዓይኔ ያየውን ነው እጄ የሚፈርመው" አለኝ። ከዚያ ወዲያ አልደገምኩትም። እውነቱን ለመናገር እኔም ተመችቶኝ ነበር።

ኡስታድ ካፊሉዲን ማክሰኞ ማታ አረፉ። በሩፕጎንጅ ወንዝ ዳር ካሉ ሸማኔዎች ሁሉ አለቃ ነበሩ፣ ኡስታድ የሚባሉትም ለዚህ ነው፤ መቶ ሰባት ጥለት በቃላቸው ያውቁ ነበር፣ አንዱንም በወረቀት ሳይነድፉ። ዓይናቸው ከደከመ ሁለት ዓመት አልፎታል። ከዚያ ወዲህ ከሽመናው ጉድጓድ አጠገብ ተቀምጠው ጥለቱን በቃል ይጠራሉ፣ ልጃቸው ጆሽና አክተር ጉድጓዱ ውስጥ ሆና ክሩን ትጥላለች። እኔ በየወሩ እየሄድኩ ፎቶ አነሣ፣ ወሬ እሰበስብ ነበር። ከጆሽና ጋር የምንዋደድ ይመስለኝ ነበር። "አፓ" ነው የምላት፣ ታላቅ እህቴ ማለቴ ነው፤ በአምስት ዓመት ትበልጠኛለች።

ረቡዕ በጠዋት ፈቃድ ጠይቄ ወደ ሩፕጎንጅ ሄድኩ። ወንዶቹ አስከሬኑን ይዘው ወጡ፣ እኛ ሴቶቹ ቤት ቀረን። የሽመናው ጉድጓድ ላይ ግማሽ የደረሰ ሳሪ ነበር፤ አንሶላ ጥለውበታል። ጆሽና እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። አላለቀሰችም ማለት ይቻላል። እኔ ግን አለቀስኩ፣ አጠገቤ ያለች አሮጊት ጀርባዬን እስክትመታኝ ድረስ።

ከአሱር ሰላት በኋላ የጆሽና ባል ሞንታጅ ከቀብር ተመለሰ። ጫማው ጭቃ እንደሆነ በሩ ላይ ቆመ፣ ስልኩን በእጁ ይዟል።

"ማህፉዛ፣ አንዴ ወደዚህ ነይ" አለኝ።

ወጣሁ። ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ደቀነው። ሸማኔዎቹም የደብዳቤያችን ተቀባዮች ናቸው፤ ሥራችሁን አይታችሁ ኩሩ ብዬ ያስገባኋቸው እኔ ነኝ። ዝርዝሩ ላይ እንዲህ ይላል፦

ማህፉዛ ከሳሪ ቤት። ኡስታድ ካፊሉዲን አረፉ። እንኳን ደስ ያላችሁ! ስትጠብቁት የነበረው ቀን ደረሰ፤ ዛሬ ሁሉም በሠላሳ በመቶ ቅናሽ።

ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

"እኔ አልላክሁትም" አልኩ።

"ስምሽ ነው።"

"ስሜ ነው። ግን ከጠዋት ጀምሮ እዚህ ነኝ፣ አይታችሁኛል።"

ጆሽና ከኋላዬ መጥታ ቆማ ኖሯል። ስልኩን ተቀበለችውና ከፈተችው። ደብዳቤው ጥቁር ክፈፍ አለው፣ የኡስታድ ፎቶ አለው፣ ቃሉም ያማረ ነው። ከላይ እስከ ታች ወረደች፣ ከታች እስከ ላይ ወጣች።

"ያ ነገር የት ሄደ?" አለች።

"ተደብቆ ነው" አልኩ። "ማለቴ፣ ውስጡ አለ፣ ግን አይታይም። አሠራሩ እንደዚህ ነው።"

"ማን ደበቀው?"

"እኛ። ሁልጊዜ የምናደርገው ነው፣ አፓ፤ ክፉ ነገር አይደለም።"

"መርዶ ውስጥ ሆታ ትደብቃላችሁ፣ ክፉ ነገር አይደለም?"

ላስረዳ አፌን ከፈትኩ። ምን ብዬ? አባቷ ከተቀበሩ ሁለት ሰዓት አልሞላም። ፊደል የሚሸሸግበትን ጥበብ ላስተምራት ነው? ሴቶቹ ሁሉ አንገታቸውን አስግገው ይመለከቱኛል። ጀርባዬን የመታችኝ አሮጊት ሳትቀር ዓይኗን መለሰችብኝ።

"ሂጂልኝ" አለች ጆሽና። ድምጿን ከፍ አላደረገችም። "እዚህ ተቀምጠሽ ያለቀስሽውን ይዘሽ ሂጂልኝ።"

ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ያቃጠለኝ መባረሬ አይደለም፤ ውሸታም ተብዬ መባረሬ ነው። እምባዬን የሐሰት አደረጉብኝ። ከዚያ በፊት በሕይወቴ ብዙ ጥፋት አጥፍቼ ይሆናል፣ በሰው ሞት የቀለድኩበት ቀን ግን የለም።

ሐሙስ ጠዋት ቢሮ የገባሁት ቦርሳዬን እንኳ ሳላስቀምጥ ነው። የላከው ማን እንደሆነ ለማወቅ መርማሪ መሆን አያስፈልግም ነበር፤ እኔ በሌለሁበት ኮምፒውተሬ ላይ የሚቀመጥ አንድ ሰው ብቻ ነው። ታንቪር ይባላል፣ የሞታሌብ ሚስት ወንድም፣ የሽያጭ ኃላፊ፤ "ባይ"፣ ወንድሜ እያልን ነው የምንጠራው። ምን እንደሚሸጥ እስከ ዛሬ ያወቀ ሰው የለም።

"ታንቪር ባይ፣ የትናንቱን ደብዳቤ በምን ላይ ነው የሠራኸው?"

"በኢዱ ደብዳቤ ላይ" አለ ደስ ብሎት። "የኢዱ ቆንጆ አልነበር? ገለበጥኩት፣ ቃሉን አጥፍቼ አዲስ ቃል አስገባሁ፣ ወርቃማውን ክፈፍ ጥቁር አደረግሁት። ሃያ ደቂቃ አልፈጀብኝም። አንቺ ግማሽ ቀን ነው የሚፈጅብሽ።"

"ቅምሻውንስ ቀየርከው?"

"የቱን ቅምሻ?"

አያችሁ? የቱን ቅምሻ ይለኛል። ሁለት ዓመት ሙሉ በየስብሰባው ስለቅምሻ ስለፈልፍ ብስኩት እያጠቀሰ ሲበላ የነበረ ሰው ነው። ስልኬን አውጥቼ አሳየሁት። ፊቱ ትንሽ ገረጣ፣ ወዲያው ግን ወደ አማቹ ክፍል ተመለከተ። መሸሻውን ያውቃል።

ሞታሌብ ጠረጴዛው ላይ ያችን ወረቀት ዘርግቶ ጠበቀን። አረንጓዴ ፊርማው ከታች በኩል ይታያል።

"ከትናንት ጀምሮ ስልክ ይጮኻል" አለ። "ሰው ይሰድበኛል። ይኸውልሽ የፈረምኩበት። እንኳን ደስ ያላችሁ የሚል የታል? ጣትሽን አድርጊበት።"

"ወረቀት ላይ አይወጣም፣ ሳሄብ። ነግሬዎታለሁ።"

"ወረቀት ላይ የማይወጣ ጽሑፍ ምን ዓይነት ጽሑፍ ነው? ጂን ነው የጻፈው?"

"የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ለኢድ። ለኢድ ትክክል ነበር። ታንቪር ባይ የኢዱን ሲገለብጥ ከነነፍሱ ገለበጠው።"

"እሺ፣ አንድ ነገር ንገሪኝ" አለና መነጽሩን አወለቀ። "ጨዋ ሰው ደብዳቤ ውስጥ ጽሑፍ የሚደብቀው ለምንድነው?"

"እንዲከፈት ነው። ሁሉም ያደርገዋል።"

"ይህን ድብቆሽ ቤቴ ያስገባው ማነው?"

"እኔ ነኝ።"

"በቃ። ታዲያ ምን እንከራከራለን?" ሌላ ወረቀት ከመሳቢያው አወጣ። እሱንም ቀድሞ አሳትሞታል። "እኔ ማህፉዛ በግል ቸልተኝነቴ" ብሎ ይጀምራል፤ የኡስታድን ቤተሰብ፣ ደንበኞችንና ድርጅቱን ይቅርታ እጠይቃለሁ ይላል። ቦታው ሁሉ ተሞልቶ የቀረው የኔ እሺታ ብቻ ነው።

ታንቪር ጣሪያውን ያያል።

"ያልሠራሁትን?" አልኩ። "ቀብር ላይ ነበርኩ እኮ። የገለበጠው እሱ፣ ያላየው እሱ፣ የላከው እሱ።"

"እሱ እንደሆነ ልጅ ነው።"

"ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፣ ሳሄብ። ሁለት ልጅ አለው።"

ሞታሌብ መነጽሩን መልሶ አጠለቀ። ምን እንደሚያስብ ገባኝ፤ እቤቱ ገብቶ ለሚስቱ "ወንድምሽን በአሥራ አንድ ሺህ ሰው ፊት አዋረድኩት" ማለት አለበት። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚባለው ይኸው ነው፤ ዳውላዋ እኔ ነኝ።

"ይህ ከከበደሽ" አለ፣ ውለታ እንደሚውልልኝ ሁሉ፣ "ሌባ ኮምፒውተራችን ውስጥ ገብቶ ነው በይ። ዛሬ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው።"

"ሌባ መርዶ ውስጥ የኢድ ቅናሽ ሊያስገባ ነው የገባው?"

"እስከ እሁድ አስቢበት። እሁድ ጠዋት ከሁለት አንዱ በስምሽ ይወጣል። ብትወጂም ባትወጂም።"

በስሜ። የኔ ስም የሱ ቤት ማኅተም ሆኗል። አውጥቶ የሚመታበት፣ መልሶ መሳቢያ የሚከተው። ደንበኛው ምንም ይበል፤ አንድ ሰው ብቻ እውነቱን እንዲያውቅ ፈለግሁ። ጆሽና። እሁድ ያ ወረቀት በስሜ ወጥቶ ከደረሳት በኋላ ማን ያምነኛል? ስለዚህ እሁድን ሳልጠብቅ ዓርብ ዕለት ሄድኩ።

ዓርብ የኡስታድ የሦስተኛ ቀን ዱዓ ነው። ጁምዓ ካለቀ በኋላ ደረስኩ። ወንዶቹ ከፊት ለፊት ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ቁርአን ይቀራሉ፤ ለእንግዳ የሚታደለው ጣፋጭ በቅርጫት ተከምሯል። በጓሮ በኩል ዞርኩ። ጆሽና በርጩማ ላይ ተቀምጣ ለእራት የሚቀቀለውን ሩዝ ትለቅማለች። ቀና ብላ አየችኝና ወደ ሩዙ ተመለሰች።

"ደግሞ ምን ልትደብቂ መጣሽ?" አለች።

"ምንም። አንድ ጊዜ ስሚኝ፤ ከዚያ አባሪኝ።"

አላባረረችኝም። መሬት ላይ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት፤ ቅምሻ ምን እንደሆነች፣ ለምን እንደማትታይ፣ ስለ ሞታሌብ አረንጓዴ እስክሪብቶ፣ ታንቪር የኢዱን እንዴት እንደገለበጠ፣ እሁድ በስሜ ሊያወጡት ስላለው ወረቀት። ንዴቴ እየተመለሰ ድምፄ ከፍ ሲል ከፊት ለፊት የሚቀሩት እንዳይሰሙ በእጇ ዝቅ በይ ትለኛለች።

"ቃልሽን ብቻ ይዤ ላምንሽ ነው?" አለች።

"አይደለም። ስልክሽን አምጪ። የኢዱ ደብዳቤ አሁንም ውስጡ አለ። እዪው፣ ያቺው መስመር ናት።"

እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ስልኳን አወጣች። ደብዳቤዎቻችንን አንዱንም ከፍታ አታውቅም፤ ሳትከፍታቸው ተደራርበው ተቀምጠዋል። በጣቴ ዝርዝሩን ወደ ታች ገፋሁት። ኢድ ላይ ስንደርስ ቆምኩ። "እንኳን ደስ ያላችሁ! ስትጠብቁት የነበረው ቀን ደረሰ፤ ዛሬ ሁሉም በሠላሳ በመቶ ቅናሽ።" አንዲት ፊደል እንኳ አልተለወጠችም።

ጆሽና ወደ ላይ ተመልሳ መርዶውን አየች፣ ወደ ታች ወርዳ ኢዱን አየች።

"በአሮጌ ድር ላይ አዲስ ማግ ጣለበት" አለች።

"እንደሱ ነው። ልክ እንደሱ።"

"ድሩን ሳያይ።"

"ሳያይ።"

ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። "አንቺ አይደለሽማ" አለች። "ሦስት ቀን ሙሉ አባቴን ትቼ አንቺን ስረግም ነው የሰነበትኩት።"

ደረቴ ላይ የነበረው ድንጋይ ወረደ። አለቀ አልኩ። እሁድ የፈለጉትን ያውጡ፤ ጆሽና አውቃለች። የቀረውን ሩዝ አብሬያት ልለቅም እጄን ወደ ትሪው ሰደድኩ።

እሷ ግን ስልኩን አላስቀመጠችም። ጣቷ ዝርዝሩን መግፋቱን ቀጥሏል፤ ከኢድ በታች፣ ወደ ክረምቱ፣ ወደ አምና። ማንበብ ትችላለች፣ ግን ቀስ ብላ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ነው።

"'ኡስታድ ካፊሉዲን በገዛ እጃቸው የሠሯቸው፤ የቀሩት አራት ብቻ።'" ቀና አለች። "መቼ ነው ይሄ?"

ከትሪው አንዲት ጠጠር ለቅሜ ጣልኩ።

"'የሰባ ዓመቱ እጅ ዛሬም አይንቀጠቀጥም።'" ገፋችው። "'ይህን ሰማያዊ ሳሪ ለመጨረስ ኡስታድ አምስት ወር ፈጀባቸው።' ሰማያዊው፣ ያ ባለ ጃስሚኑ ነው?"

"አዎ።"

"አምስት ወር። ወገቤን በጨርቅ አስሬ ነበር የምሠራው። አንቺ አጠገቤ ተቀምጠሽ ሻይ ትጠጪ ነበር፤ አይዞሽ አፓ፣ ሊያልቅ ነው ትዪኝ ነበር። ትዝ ይልሻል?"

"ትዝ ይለኛል።"

ደብዳቤውን ከፈተች። ውስጡ "ከኡስታድ ካፊሉዲን ቤት" ይላል። ቤት ነው የሚለው፣ እጅ አይልም። ሞታሌብ በአረንጓዴ የፈረመው ያንን ነው፤ እሱ ውሸት የለበትም። ዘጋችው። ዝርዝሩ ላይ "በገዛ እጃቸው" ትላለች መስመሯ፣ ፈዘዝ ብላ።

"ይህንን ማነው የጻፈው? ሽማግሌው አለቃሽ?"

አዎ ማለት እንዴት ቀላል ነበር። እሱ በኔ ላይ ያደረገውን በሱ ላይ ለማድረግ አንድ ቃል ይበቃኝ ነበር።

"እሱ ቅምሻ አያይም" አልኩ።

"ያ የሚስቱ ወንድም?"

"አይደለም። እኔ ነኝ።"

"ማን አዘዘሽ?"

"ማንም አላዘዘኝም። 'ቤት' ሲል ጥቂት ሰው ነው የሚከፍተው፤ 'እጅ' ሲል ብዙ ሰው ይከፍታል። ሲከፈት ስለማይታይ... ውሸት አልመሰለኝም ነበር።"

እንዲህ ስል ራሴን ሰማሁት። ሦስት ቀን ሙሉ በታንቪር ላይ ስጮህ፣ በሞታሌብ ላይ ስጮህ፣ ስሜን ቀሙኝ እያልኩ ስነድ ሰነበትኩ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የተባለችው ሴት እኔ ነኝ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ የሰው ስም ስቀማ ኖሬያለሁ፣ ያውም አፓ እያልኳት።

ጆሽና ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ከፊት ለፊት የሚቀሩት ወንዶች አሚን ይላሉ።

"ያ ሰውዬ ሳያይ ነው የላከው" አለች በመጨረሻ። "አንቺ ግን እያየሽኝ ነው የጻፍሽው።"

ይቅርታ አልኩ። ይቅርታዬን እንዳልሰማች ሁሉ ወደ ስልኬ በአገጯ አመለከተች።

"ከዚህ መላክ ትችያለሽ?"

"እችላለሁ።"

"ያለ አረንጓዴው?"

"ያለ አረንጓዴው። ግን ያባርረኛል።"

"አውቃለሁ። ጻፊ።"

ጻፍኩ። ባለፉት ሁለት ዓመታት በኡስታድ ካፊሉዲን እጅ ተሠሩ ያልናችሁ ሳሪዎች በሙሉ የልጃቸው የጆሽና አክተር ሥራ ናቸው ብዬ ጀመርኩ። ኡስታድ ዓይናቸው ደክሞ ጥለቱን በቃል ይጠሩላት ነበር፣ ሽመናው ግን የሷ ነው አልኩ። ውሸቱን የጻፍኩት እኔ ማህፉዛ ነኝ፣ ማንም አላዘዘኝም አልኩ። ከዚያ፣ እጄ በራሱ ሄደና፣ በመርዶው ላይ የወጣው "እንኳን ደስ ያላችሁ" ግን የኔ ስህተት እንዳልሆነ፣ ያን ቀን ቀብር ላይ እንደነበርኩ፣ የላከውም ሌላ ሰው እንደሆነ ጨመርኩበት። አንብቤ ሰጠኋት።

እሷም ደግማ አነበበችው፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች።

"የመጨረሻውን አውጪው።"

"የቱን?"

"ስለራስሽ የምታወሪበትን።"

"አፓ፣ እውነት እኮ ነው። አንቺም አይተሽዋል። እሁድ በስሜ..."

"እውነት ነው። ሌላ ቀን ጻፊው። ይሄ የኔ ደብዳቤ ነው።"

ልከራከራት ፈለግሁ፤ አልዋሽም። ለዚያች አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበር ከዳካ ድረስ የመጣሁት። አውራ ጣቴን ስልኩ ላይ አድርጌ ቆየሁ። ከዚያ ፊደል በፊደል አጠፋኋት።

"ሳይከፈት የሚታየውስ?" አለች። "ያቺ መስመር ምን ትላለች?"

"ገና አልጻፍኳትም። ምን ትበል?"

"ውስጡ የሚለውን።"

"ሳሪዎቹን የሠራችው ጆሽና አክተር ናት" ብዬ ጻፍኩ። እንደ ልማዴ ላሳንሳት፣ ነጭ ላደርጋት ጣቴ ሄዶ ነበር፤ መለስኩት። በትልቁ፣ በጥቁር ተውኳት። ላክሁት።

ከአንድ ደቂቃ በኋላ የሷ ስልክ ጭኗ ላይ ተንቀጠቀጠ። ዝርዝሩ ላይ አየችው፣ ከፍታም አየችው። ሁለቱም ቦታ ስሟ አለ። የኔ ስልክ ደግሞ መጮህ ጀመረ፤ ሞታሌብ ነው። አላነሣሁትም።

"አመሰግናለሁ እንድልሽ ትጠብቂያለሽ?" አለችኝ ጆሽና።

"አልጠብቅም።"

"ጥሩ። ስሙ የኔው ነው።"

የሩዙን ትሪ አንሥታ ወደ ማድቤት ገባች።